ለትንሽ ቤት ሙሉ የኮንክሪት ንጣፍ የግድ ነው ወይ? ሌላ ምን ዓይነት መሠረት ይሆናል?

አዲስ_ጎጆ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ቤት ልጀምር ነው። 6 በ8 ሜትር፣ ፎቅ የለውም፣ ግድግዳው እንጨት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ያማከርኩት ሰው ሁሉ "መሬቱን አስተካክይና ሙሉውን ኮንክሪት አልብሺው" ነው የሚለኝ። ቦታው ግን ተዳፋት ነው። ለማስተካከል ብቻ ብዙ አፈር መቆረጥ አለበት።

ቁጥሩንም ሠርቼ አየሁት። 48 ካሬ ሜትር በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ወደ 5 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይጠጋል። ክብደቱ ወደ 12 ቶን ነው። በሜትር ኩብ 300 ኪሎ ሲሚንቶ ብንይዝ ባለ 50 ኪሎው ከረጢት 29 ያህል ይፈጃል። ይሄ እንግዲህ ጠርዙ ላይ ከግድግዳ ሥር የሚወፍረውን፣ ፌሮውንና ከታች የሚነጠፈውን ድንጋይ ሳይጨምር ነው። ለቀላል የእንጨት ቤት ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ከሙሉ ንጣፍ ውጪ የሠራችሁ ወይም ሲሠራ በቅርብ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። አቋራጭ አይደለም የምፈልገው። ቤቱ እንዲቆይ ነው የምፈልገው።

ውሃልክ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው፤ ግን ዋናው ነገር ጎድሎታል። አፈሩ ምንድን ነው? ድንጋያማ? አሸዋማ? ቀይ አፈር? ዋልካ? ይሄ ሳይታወቅ "እንዲህ ሥሪ" የሚልሽን አትስሚ።

ቤቱ በሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ከላይኛውም ከታችኛውም ጥግ፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚጠልቅ ጉድጓድ አስቆፍሪ። የጉድጓዱን ግድግዳ በደንብ እዪው። የት ላይ ቀለሙ ይቀየራል? የት ላይ ዶማው ይከብዳል? ውሃ ያዣል ወይ? ከላይ ያለው ሥራ ሥር የበዛበት ለም አፈር ምንም ዓይነት መሠረት ብትመርጪ መነሳቱ አይቀርም። ሲበሰብስና ሲጠቀጠቅ ይሰምጣል።

ከዚያ ከታች ካለው አፈር ወስደሽ ጠርሙስ ውስጥ ሲሶ ያህል ጨምሪ፣ ውሃ ሙዪበት፣ ትንሽ የሳሙና ዱቄት ጣል አድርጊና በደንብ በጥብጠሽ አስቀምጪው። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይወርዳል። ደለሉ ሰዓታት ይፈልጋል። ሸክላው ደግሞ አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ውሃውን እንዳደፈረሰ ይቆያል። ንብርብሩን አይተሽ የቱ እንደሚበዛ በዓይንሽ ትለያለሽ። በመጨረሻ ጉድጓዱን ውሃ ሙዪውና በስንት ሰዓት እንደሚሰርግ ተመልከቺ። ምርጫሽን ከግማሽ በላይ የሚወስኑት እነዚህ ናቸው።

ጥርብ_ድንጋይ

ውሃልክ ያለው ትክክል ነው። አፈሩ ደህና ሆኖ ውሃ የሚያሳልፍ ከሆነ ግን የእኔ ምርጫ ያለ ምንም ማወላወል የጠጠር ቦይ መሠረት ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ለትንሽ ቤት እንደዚህ የሚመች ነገር ጥቂት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሙሉውን መሬት አትነኪውም። ግድግዳው በሚሄድበት መስመር ብቻ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ይቆፈራል። ጥልቀቱ ጠንካራው አፈር እስኪገኝ ድረስ ነው። መሬት በሚቀዘቅዝበት አካባቢ ደግሞ ውርጭ ከሚደርስበት ጥልቀት በታች መውረድ አለበት። የቦዩ ወለል ዝም ብሎ ለጥ አይልም። በ10 ሜትር ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር እየወረደ ወደ አንድ መውጫ ያመራል። ጎንና ጎኑ በጂኦቴክስታይል፣ ማለትም ውሃ አሳልፎ አፈር በሚያስቀር ጨርቅ፣ ይለብሳል፤ አለዚያ የዳር አፈሩ ቀስ እያለ ገብቶ ይደፍነዋል። ከታች ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይጋደማል፣ ጫፉ ከቤቱ ርቆ ቁልቁል ይወጣል። ከዚያ የታጠበ የተፈጨ ጠጠር፣ ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ በ20 ወይም በ30 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ከላይ ግሬድ ቢም፣ ማለትም ግድግዳው የሚያርፍበት ፌሮ ያለው የኮንክሪት ቀበቶ፣ ይመጣበታል።

ለምን ይሠራል? ጭነቱ ከጠጠር ወደ ጠጠር እየተላለፈ ታች ወዳለው ጠንካራ አፈር ይወርዳል። ውሃ ደግሞ ከቤቱ ሥር አይቆምም። ውሃ ከሌለ ቀዝቅዞ የሚያብጥም፣ እየረጠበ የሚለሰልስም ነገር የለም። አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት ይህንን በብዙ ቤቶቹ ላይ ተጠቅሞበታል።

የአንቺን ቤት ብንወስድ ዙሪያው 28 ሜትር ነው። ቢሙ 30 በ20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 1.7 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው። ካሰላሽው ከ5ቱ ጋር አስተያዪው።

ሁለት ነገር ግን ጠንቅቂ። ከወንዝ የሚመጣ ድብልብል ድንጋይ እርስ በርሱ አይያያዝም፣ የተፈጨ ይሁን። ብናኝ ያለበትም አይሁን፣ ብናኙ እርጥበት ወደ ላይ ይስባል። እና የቱቦው መውጫ ከተደፈነ ያ ሁሉ ልፋት ከቤትሽ ሥር ውሃ የሚያጠራቅም ገንዳ ሆነ ማለት ነው።

ቀስ_በቀስ

@ጥርብ_ድንጋይ ቢሙን ትቶ በጠጠሩ ላይ በቀጥታ የድንጋይ ግንብ ማስነሳት አይቻልም? እንደዚያ ከሆነ ሲሚንቶው ጭራሽ ይቀራል።

ጥርብ_ድንጋይ

ይቻላል፣ የድሮ ቤቶች ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ግን የመሬት መንቀጥቀጥ በሚያሰጋበት ቦታ አልመክርም። ጠጠር ግፊት ይሸከማል እንጂ መሳብን አይችልም። አንዱ ጥግ ትንሽ ቢሰምጥ ወይም መሬቱ ቢወዛወዝ ቤቱን አንድ ላይ የሚይዘው ቀበቶው ነው። ፌሮው ጥግ ላይ ሳይቋረጥ ታጥፎ መዞር አለበት። ሲሚንቶ የሚቆጠብበት ቦታ አለ፣ እዚህ ግን አይደለም።

ምሰሶ_ተካይ

አዲስ ጎጆ "ተዳፋት" ብላለች፣ ማንም ልብ ያለው የለም። ተዳፋት ላይ ቦይ መቆፈርም ጣጣ አለው፣ ቦዩ በደረጃ መውረድ አለበት። እኔ ብሆን የነጠላ ምሰሶ መሠረት ነው የምሠራው።

መሬቱን አትቆርጪም፣ አትሞዪም። በየተወሰነ ርቀት ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ከታች ፉቲንግ፣ ማለትም ጭነቱን ወደ አፈሩ የሚያሰራጭ ሰፊ እግር፣ ይቀመጣል፣ በላዩ አጭር ምሰሶ ይቆማል፤ ከኮንክሪት፣ ከጥርብ ድንጋይ ወይም ከብሎኬት ሊሆን ይችላል። የላይኛው ጥግ ምሰሶ ጉልበት ሳይደርስ ይቀራል፣ የታችኛው ከወገብ ሊያልፍ ይችላል፤ አናታቸው ግን በውሃ ልክ እኩል ነው። በላያቸው ዋናው ተሸካሚ እንጨት ይጋደማል፣ ከዚያ የወለሉ ወራጆች።

ከወለሉ ሥር ሰው ተጎንብሶ ወይም ተሳቦ የሚገባበት ክፍተት ይኑር። ከወራጁ ሥር እስከ መሬቱ 45 ሳንቲ ሜትር ትንሹ ነው፣ 60 ቢሆን ጥሩ። ይሄ ክፍተት ትልቁ ጥቅሙ ነው። የውሃ ቱቦ ቢፈነዳ ገብተሽ ታያለሽ። ሙሉ ንጣፍ ውስጥ የተቀበረ ቱቦ ሲፈነዳ ወለሉን መስበር ነው። ምሰሶ ቢሰምጥም በጃክ አንስቶ ማስተካከል ይቻላል። የተሰነጠቀ ንጣፍን ግን ምን ታደርጊዋለሽ?

ክፍተቱ ግን አየር ይፈልጋል። ዙሪያውን በግንብ ብትዘጊው እንኳ በተቃራኒ ጎኖች መተንፈሻ ተዪለት፣ መሬቱ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፊ። አለዚያ እርጥበቱ ተነስቶ ወራጆቹን ያበሰብሳል።

ቁጥር_ወዳጅ

ምሰሶ ከሆነ ስሌቱን ላሳይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ለቀላል የእንጨት ቤት ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ዕቃና ሰውን ጨምረን በካሬ ሜትር 300 ኪሎ እንያዝ። 48 ካሬ ነው፣ ጠቅላላው 14.4 ቶን። 12 ምሰሶ ቢተከል፣ በ3 ረድፍ አራት አራት፣ ሰው ዝም ብሎ ለ12 ያካፍልና "እያንዳንዱ 1.2 ቶን ይሸከማል" ይላል። እንደዚያ አይደለም! መሐል ያለው ምሰሶ በዙሪያው 3 በ2.67 ሜትር፣ ማለትም 8 ካሬ ሜትር ይሸከማል። 2.4 ቶን ነው። ጥግ ላይ ያለው የዚያን ሩብ፣ 600 ኪሎ ብቻ። እርግጥ የግድግዳና የጣሪያ ጭነት ወደ ዳር ስለሚያደላ የጥጎቹ ከዚህ ከፍ ይላል። ነገሩ ግን ገብቷችኋል።

አሁን አፈሩ። አይአርሲ የሚባለው የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ኮድ፣ የላቦራቶሪ ምርመራ በሌለበት ለሸክላ አፈር የሚፈቅደው 72 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፣ በካሬ ሜትር 7 ቶን ያህል። ለአሸዋማ ጠጠር እጥፉን ይፈቅዳል። በሸክላ ላይ 2.4 ቶን ለማሳረፍ 0.34 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል፤ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ፉቲንግ ማለት ነው። በጠጠራማ አፈር 42 በ42 ይበቃል። የሁሉንም ፉቲንግ አንድ ልክ ካደረግሽ መሐሉ ይሰምጣል፣ ዳሩ ይቀራል፣ ወለሉ ይጎብጣል።

ይሄ ለመነሻ ነው። የመጨረሻውን መሐንዲስ ይየው።

አዲስ_ጎጆ

ቁጥር ወዳጅ በጣም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ቁልጭ አድርጎ ያስረዳኝ የለም። ምሰሶ ተካይ፣ ቤቱ ቀላል ስለሆነ ንፋስ አያነሳውም ወይ? ቦታው ገላጣ ነው።

ምሰሶ_ተካይ

ጥያቄሽ ቦታው ላይ ነው። ቀላል ቤት በምሰሶ ላይ ሲቆም ንፋስ ከላይም ከታችም ያገኘዋል። ስለዚህ ከጣሪያው እስከ ፉቲንጉ ያልተቋረጠ ማያያዣ ይኑር። ጣሪያው ከግድግዳው ጋር፣ ግድግዳው ከወለሉ፣ ወለሉ ከተሸካሚው፣ ተሸካሚው በብረት ከምሰሶው፣ ምሰሶው በፌሮ ከፉቲንጉ። አንዱ ቦታ በምስማር ብቻ ከተያዘ እዚያው ላይ ይለቃል። ረጅም ለሆኑት የታችኛው ጎን ምሰሶዎች ደግሞ ሰያፍ ማጠናከሪያ አስገቢ፣ ወደ ጎን እንዳይወዛወዙ።

ብረታብረት

ስለ ብሎን ምሰሶ ማንም አላነሳም። ጫፉ ላይ እንደ ትልቅ ብሎን ጥምዝ ክንፍ ያለው የብረት ቱቦ ነው፣ በማሽን እየተጠመዘዘ መሬት ውስጥ ይገባል። ቁፋሮ የለም፣ ኮንክሪት የለም፣ እስኪደርቅ መጠበቅ የለም። በገባ ሰዓት ጭነት ይቀበላል። ሲጠመዘዝ ማሽኑ የሚጠይቀው ኃይል ስለሚለካ አፈሩ ምን ያህል እንደሚሸከም እዚያው ይገመታል። በዚያ ላይ የንፋሱንም መሳብ ይይዛል፣ ክንፉ አፈር ውስጥ ነክሶ ስለሚቀር።

አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። አሌክሳንደር ሚቸል የሚባል ዓይነ ስውር የአየርላንድ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1833 የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል። በ1838 በቴምዝ ወንዝ አፍ፣ ማፕሊን ሳንድስ በሚባለው አሸዋማ የባሕር ዳር፣ የመብራት ማማ መሠረት ሆኖ ገብቷል። ተንሸራታች አሸዋ ላይ ማማ ያቆመ ነገር ለትንሽ ቤት አያንስም።

ችግሩ ማሽኑና ባለሙያው በሁሉም ቦታ አይገኝም። ትልልቅ ድንጋይ የበዛበት መሬትም አያስገባውም፣ ክንፉ ይጎዳል። ብረቱም በዚንክ የተለበጠ መሆን አለበት፤ ጨዋማ ወይም አሲዳማ አፈር ዝገቱን ያፋጥነዋል።

ኮንክሪት_ይሻላል

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። ንጣፉን እንዲህ ማጥላላት ልክ አይመስለኝም። በደንብ የተሠራ ንጣፍ የምስጥን መግቢያ ያጠብበታል፣ ወለሉ ራሱ የተጠናቀቀ ነው፣ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል፣ በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሰው ደረጃ የለውም። ለጥ ባለና ደህና አፈር ባለው ቦታ ላይ እኔ አሁንም ንጣፍ ነው የምሠራው። የተነሳውን የምሰሶ ቤት ሁሉም ሰው በጥንቃቄ አይሠራም። መተንፈሻው ተዘግቶ ወለሉ የበሰበሰ ብዙ ቤት አይቻለሁ።

ለተዳፋት ግን እስማማለሁ። ተቆርጦ የተሞላ አፈር ላይ የሚፈስ ንጣፍ ግማሹ በጠንካራ መሬት፣ ግማሹ በሙሌት ላይ ያርፋል። ሙሌቱ በደንብ ካልተጠቀጠቀ መለያያው መስመር ላይ ነው የሚሰነጠቀው። እዚያ ላይ ምሰሶ ይበልጣል።

አረንጓዴ_አጥር

መሐንዲሱ ያሉት እውነት አለው፣ እኔ ግን ስለ ሲሚንቶው አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። ሲሚንቶ ሲመረት የኖራ ድንጋይ ወደ 1,450 ዲግሪ ይሞቃል። ለማሞቅ የሚቃጠለው ነዳጅ ብቻ አይደለም ጭሱ። ከግማሽ በላይ የሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣው ከድንጋዩ ከራሱ ነው፣ በሙቀቱ ሲፈርስ ይለቀዋል። ስለዚህ ምድጃውን በፀሐይ ኃይል ብታሞቂውም ያ ክፍል አይቀርም። በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 8 በመቶ ገደማ ከሲሚንቶ ነው። ኮንክሪት አይሠራ አልልም። በሚያስፈልግበት ቦታ፣ በሚያስፈልገው መጠን ይሁን ነው የምለው። የቤቱ ጭነት ያለው በግድግዳውና በምሰሶው ሥር ከሆነ አልጋው ሥር ላለው መሬት 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ለምን?

ቀስ_በቀስ

እሺ፣ ቦይ ሠርቶ ንጣፉን የተወ ሰው ወለሉን በምን ይሸፍነዋል? በአፈር?

አረንጓዴ_አጥር

አዎ በአፈር፣ ግን በሥርዓት። በመጀመሪያ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ብናኝ የሌለው ጠጠር ይነጠፋል፣ የመሬት እርጥበት ወደ ላይ እንዳይሳብ የሚያቋርጠው እሱ ነው። በላዩ ፕላስቲክ። ከዚያ የሸክላ አፈርና አሸዋ ድብልቅ፣ አንድ እጅ ሸክላ ለሦስት እጅ አሸዋ አካባቢ፣ የተከታተፈ ጭድ ተጨምሮበት ይነጠፍና ይለሰልሳል። መጀመሪያ በትንሽ ቦታ ሞክሩት። ከሰነጠቀ አሸዋ ጨምሩ፣ ከፈረፈረ ሸክላ ጨምሩ። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ የተልባ ዘይት ተደጋግሞ ይቀባል። ጠንካራ፣ የሚጠረግና የሚወለወል ወለል ይወጣዋል። የከባድ ዕቃ እግር ግን ይወጋዋል፣ ከሥሩ ሰሌዳ ይደረግለት።

አደራ፣ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉ። ሲደርቅ ራሱን በራሱ ያሞቃልና እሳት ያስነሳል። ዘርግታችሁ ውጪ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ከረጢት_በጠጠር

ለበጀት የሚጨነቅ ካለ፣ በጠጠር የተሞላ የፕላስቲክ ማዳበሪያ ከረጢትም መሠረት ይሆናል። ከመሬት በታችና እስከ መጀመሪያው የግንብ ልክ ያሉት ረድፎች በአፈር ሳይሆን በጠጠር ይሞላሉ፣ እየተጠቀጠቁ እንደ ጡብ ተጠላልፈው ይደረደራሉ፣ በረድፍና በረድፍ መሃል እሾሃማ ሽቦ ይገባል። ከረጢቱ ግን ፀሐይ ጠላቱ ነው። ከተደረደረ በኋላ ቶሎ ካልተለሰነ በወራት ውስጥ እየተበጣጠሰ ይሄዳል።

ውሃልክ

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፣ ይሄን የሚያነብ ዋልካ ላይ የሚሠራ ሰው ይኖራልና። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ቀላል ቤት እዚያ ላይ ከከባዱ የባሰ ይንገላታል፣ እብጠቱን የሚጫን ክብደት የለውምና። የጠጠር ቦይም እዚያ አይመከርም፣ ውሃውን ወስዶ ለሸክላው ያጠጣዋል። ምሰሶ ከሆነ እርጥበቱ ከወቅት ወቅት ከማይለዋወጥበት ጥልቀት ድረስ መውረድ አለበት። ጥልቀቱን የሚነግርሽ የአፈር ምርመራ ነው። ተሸካሚው ቢምም መሬት አይንካ፣ ሲያብጥ እንዳያነሳው ከሥሩ ባዶ ክፍተት ይተውለት። ትልልቅ ዛፍም ከቤቱ ይራቅ፣ ውሃውን እየመጠጠ አንዱን ጎን ብቻ ያደርቀዋል።

አዲስ_ጎጆ

ጉድጓዶቹን አስቆፈርኩ። ላይኛው ጥግ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ገረጋንቲ የተቀላቀለበት ቀይ አፈር ወጣ፣ ዶማ የሚመልስ ነው። የተሞላው ውሃ አድሮ ሰርጎ ነበር። የታችኛው ጥግ ግን ሌላ ነው። እስከ አንድ ሜትር ከሃያ ድረስ ጥቁር የሚያጣብቅ አፈር ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው ያው ቀይ የመጣው። ጠርሙሱ ላይም የታችኛው አፈር ውሃ እስካሁን አልጠራም። ምሰሶ ወደማለቱ ነኝ። ምስጥ ግን አካባቢው ላይ አለ፣ እሱን እንዴት ላድርገው?

ምሰሶ_ተካይ

ጥሩ ሥራ። ሁሉም ፉቲንግ ቀዩ ላይ ይረፍ። ላይኛው ረድፍ በ60 ሳንቲ ሜትር ቢያልቅም የታችኛው ጥቁሩን አልፎ ይውረድ፣ አንዱም ጥቁሩ ላይ እንዳይቀር። ግማሹ በአንድ አፈር፣ ግማሹ በሌላ ከሆነ እኩል አይሰምጥም።

ለምስጥ፣ በእያንዳንዱ ምሰሶ አናት ላይ፣ ከእንጨቱ በፊት፣ የላሜራ ቆብ አድርጊ። ከምሰሶው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጥቶ ወደ ታች ይታጠፍ። ምስጥን አይገድልም፣ ግን ተደብቆ መውጣት አይችልም፤ የጭቃ መንገዱን በግልጽ ቆቡ ላይ መሥራት አለበት፣ አንቺም ክፍተቱ ውስጥ በባትሪ ስታዪ ታገኚዋለሽ። እንጨት ከአፈር ጋር በቀጥታ አይገናኝ፣ ደረጃውም ጭምር። የተረፈ ቁርጥራጭ እንጨት ከቤቱ ሥር አትተዪ።

ኮንክሪት_ይሻላል

ምሰሶ ተካይ ባለው እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ውሃውን ነው። ከላይኛው ጎን፣ ከቤቱ ሁለት ሦስት ሜትር ራቅ ብሎ፣ በአግድም የውሃ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር፤ ከተራራው የሚመጣው ጎርፍ ምሰሶዎቹ መሃል እንዳይገባ። የጣሪያውም ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ከታችኛው ጥግ ርቆ ይፍሰስ፣ ያ ጥቁር አፈር ውሃ ባይጠጣ ይሻላል። ቁፋሮው በደረቅ ወቅት ይሁን፣ ጉድጓዱ ተከፍቶ ዝናብ ከገባበት የለሰለሰውን አፈር ጠርጎ እንደገና መውረድ ግድ ነው።

የምሰሶዎቹን ፕላን ስትስይ እዚህ ለጥፊው። የታችኛው ረድፍ ረጅም ስለሚሆን የፌሮውን ቁጥርና ሰያፉን አብረን እናየዋለን። ከዚያ ለአካባቢሽ መሐንዲስ ወስደሽ ታስፈርሚበታለሽ።